መልቲፕል ሚክሰር አይደለም

ስለ ሞጁላር ሲንተሳይዘር (ሞጁል የሚባሉ ክፍሎቹ በሽቦ እየተገናኙ ድምፅ የሚፈጥር መሣሪያ) ስናወራ «ሁለት ድምፅ ለመቀላቀል መልቲፕል ይበቃል፣ ጃኮቹን በሽቦ ማገናኘት ነው» ላልከው ትንሽ እርማት አለኝ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መልቲፕል አንዱን ሲግናል ለብዙ ያካፍላል እንጂ አይቀላቅልም። ሁለት አውትፑት በቀጥታ ስታገናኝ አንዱ +5 ቮልት ልስጥ ሲል ሌላው −5 ይላል፤ ይጓተታሉ። ብዙዎቹ የዩሮራክ (የተለመደ የሞጁላር ሲንተሳይዘር ዓይነት) ሞጁሎች አውትፑታቸው ላይ 1 ኪሎ ኦም ገደማ ሬዚስተር ስላላቸው አይቃጠሉም። «ኧረ ለእኔ ሠርቷል» የሚባለውም ለዚህ ነው። ሬዚስተር የሌለው ሞጁል ግን ጣጣ አለው።

በትክክል የሚቀላቅል ቀላል ሚክሰር ለመሥራት ከእያንዳንዱ ኢንፑት ጃክ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በካውያ አያይዝ። የሬዚስተሮቹን ሌላኛ ጫፍ አውትፑቱ ላይ ሰብስብ፣ ግራውንዱን አንድ አድርግ። አለቀ፤ ፓወር እንኳ አይፈልግም። ሁለቱም ሲሰኩ የእያንዳንዱ ቮልቴጅ በግማሽ ይወርዳል። እሱ ካስጠላህ በቲኤል072 (ሲግናል የሚያጎላ ቺፕ) አክቲቭ፣ ማለትም ፓወር የሚፈልግ፣ ሚክሰር ሥራ።