ሁሉም ነገር ማለት ምን ምን ነው?

አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ጠየቀኝና መልስ አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ታንክስጊቪንግ፣ የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል፣ የዋለው ኅዳር 18 ነበር፤ ጾመ ነቢያት በገባ በአራተኛው ቀን። አሜሪካ ከመጣሁ 14 ዓመቴ ነው። እስከ ዛሬ ይቺን ቀን ገበታ ላይ ተቀምጬ አሳልፌያት አላውቅም። የምሠራው የአዛውንቶች መጦሪያ ውስጥ ነው። በዓል ቀን ለገባ ሰው የደመወዙ አንድ ተኩል እጥፍ ይከፈላል። ስለዚህ ሁልጊዜ እገባለሁ። ዘንድሮ ግን ሙሉ ቀን ቆሜ መሥራት ስላልቻልኩ ቤት ዋልኩ። ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ "በይ፣ ምን ታደርጊያለሽ ብቻሽን?" ብለው ጠሩኝ።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጎረቤቴ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው፤ የእናቴ እኩያ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። 11 ሰው ሆነን ገበታውን ከበብን። እጅ ለእጅ ተያያዝን። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው በተራ፣ ዘንድሮ ስለምን እንደሚያመሰግን ተናገረ። አንዷ ልጇ ሥራ ስላገኘ አመሰገነች። አንድ ጎልማሳ መጠጥ ካቆመ ዘጠኝ ወር እንደሆነው ተናገረ። በየማታው እየደወለ "እንዴት ዋልክ?" ይለው የነበረውን አጎቱን ነው ያመሰገነው። አጎትየው እዚያው ተቀምጠዋል። ዓይን ዓይናቸውን እያየ ነው የነገራቸው።

ተራዬ ደረሰ። "ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ። አሜን አሉ። አጠገቤ የተቀመጠው የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ግን እጄን አልለቀቀም። ቀና ብሎ አየኝና "ሁሉም ነገር ማለት ምን ምን ነው?" አለኝ።

ልጅ ነው፣ ለማወቅ ብሎ ነው የጠየቀው። እኔን ግን እንደ እሾህ ወጋኝ።

ዓመቱ እንዴት ያለ ዓመት ነበር መሰላችሁ። ጥር ላይ የሐሞት ከረጢቴ በኦፕሬሽን ወጣ። ቀላል ነው ተብዬ በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። በሦስተኛው ሳምንት ግራ እግሬ አበጠ። ቆሜ ስለምውል ነው ብዬ ናቅሁት። አንድ ሌሊት ትንፋሽ አጠረኝ። እግሬ ውስጥ የረጋ ደም ተነሥቶ ሳንባዬ ገብቶ ነበር። ስድስት ቀን ተኛሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ ዋርፋሪን ተጀመረልኝ። ግንቦት ላይ ደግሞ የመድኃኒቱ መጠን በዝቶ ጨጓራዬ ደማና እንደገና ተኛሁ።

ሥራዬን ያቆየልኝ በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው። ለታመመ ሠራተኛ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል። ቦታህን አታጣም፤ ደመወዝ ግን የለም። ኪራዩ ወሩን ጠብቆ ይመጣል። ፖስታውም ይመጣል። ከሆስፒታሉ አንድ፣ ማደንዘዣ ከሰጠኝ ሐኪም አንድ፣ ራጁን ካነበበው አንድ፣ ከአምቡላንሱ አንድ። መልኩን አይቼው የማላውቅ ሐኪም ሁሉ ሒሳብ ይልክልኛል። ኢንሹራንስ አለኝ። ግን እሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ዲዳክቲብል የሚሉትን የራሴን ድርሻ ከኪሴ መጨረስ አለብኝ። ይሄ ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። አገር ቤት ካርድ አውጥተህ፣ ከፍለህ ነው የምትገባው፤ ያም ድሃውን ስንት ጊዜ ከበር መልሶታል። እዚህ ግን አክመውህ፣ ቤትህ ገብተህ፣ ዳንኩ ስትል ነው ዋጋው የሚነገርህ። ፖስታ ሳጥኔን ለመክፈት የፈራሁባቸው ቀናት አሉ።

አገር ቤት ቢሆን አልጋዬ አጠገብ ሰው አይጠፋም ነበር። አስታማሚ መሬት ላይ አንጥፎ ያድራል። አጥሚት በፔርሙስ ይመጣል። ብርቱካኑ ኮመዲኖው ላይ ይከመራል። ዕድርተኛው ተራ ገብቶ ይጠይቃል። እዚህ ሁሉን የምትሠራው ነርሷ ናት። እውነቱን ልናገር፣ ገላዬን ያጠበችኝ፣ ፀጉሬን ያበጠረችልኝ ነርስ ከእህት በላይ ናት። ፈረቃዋ ሲያልቅ ግን ትሄዳለች። ሌሊት የሚሰማኝ የማሽኑ ድምፅ ብቻ ነበር።

ታዲያ ብቻዬን መተኛቴ የአሜሪካ ጥፋት ነው? አይደለም። አበሻ በሞላበት ከተማ ነው የምኖረው። ለማንም አልተናገርኩማ! ለቤተ ክርስቲያን እህቶቼ "ጨጓራዬን ትንሽ አሞኝ ነው" አልኳቸው። ወሬ እንዳይሆን ፈራሁ። ለእናቴማ ጭራሽ አልነገርኳትም። ሆስፒታል እያለሁ ከደብረ ብርሃን ደወለች። "እንዴት ነሽ ልጄ?" አለችኝ። "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት። ቪዲዮ አብሪ ስትለኝ ኔትወርክ የለም አልኩ። የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫዬ ላይ ነበር።

ይሄን የማደርገው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ታውቃላችሁ። በየቤቱ አለ። እናቶቻችንም እንዲሁ ያደርጉናል። ስኳር ይዟቸው፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት "ተመስገን፣ ደህና ነን፣ አንቺን ብቻ ደህና ያርግሽ" ይሉናል። "ሰው አገር ናት፣ አትንገሯት" ይባላል። እኔ አባቴ መታመሙን የሰማሁት ከተቀበረ በኋላ ነው። ያኔ ተቆጥቼ ነበር። ለሁለት ዓመት አኩርፌያቸዋለሁ። አሁን ደግሞ እኔው ራሴ ያንኑ ሳደርግ ተገኘሁ። "በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም" የምንል ሕዝብ ነን እኮ።

ተመስገን የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ታምሞም፣ ተርቦም ተመስገን የሚል ሰው መንፈሱ ጠንካራ ነው። ግን እኔ ቃሉን መጋረጃ አድርጌዋለሁ። ከኋላው ምን እንዳለ ማንም እንዳያይ። ቅዳሴ ላይ የምስጋናው ጸሎት፣ ጸሎተ አኮቴት ሲደርስ ካህኑ በጅምላ አያመሰግንም። ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና እያለ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬ ልብ ያልኩት ያ ልጅ ከጠየቀኝ በኋላ ነው።

ኅዳር እኮ እኛም ጋ መከራ የሚታሰብበት ወር ነው። ኅዳር 12 ጠዋት፣ ልጆች ሆነን፣ ግቢ ጠርገን ቆሻሻ ስናቃጥል ጭሱ ሰፈሩን ይሞላው ነበር። ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ስንቱን ቤት እንደዘጋ አያቶቻችን ይነግሩናል። የዚህ አገር በዓልም ከመከራ የመጣ ነው። ከእንግሊዝ በሜይፍላወር መርከብ ከመጡት 102 መንገደኞች የመጀመሪያውን ክረምት ያለፉት ግማሽ ያህሉ ናቸው። በ1621 እ.ኤ.አ. መኸሩ ሲገባ ግብዣ ያደረጉት ከዚያ የተረፉት ናቸው። ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ የምስጋና ቀን ሲያውጅም አገሩ እርስ በርሱ እየተዋጋ ነበር። ለመጤዎቹ በቆሎ አዘራር ያሳዩት ነባሮቹ የዋምፓኖአግ ሰዎች ግን ኋላ መሬታቸውን ተነጠቁ። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያችው ቀን፣ መጤዎቹ በሰፈሩባት በፕሊመዝ ከተማ ለሐዘን የሚሰበሰቡ ነባር ሕዝቦች አሉ። ይህን የነገሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። ስለዚህ በዓሉን ላሞካሽላችሁ አይደለም። ሰው ያደረገለትን ሰው ፊት ለፊት እያየ፣ ይሄንን ስላደረግህልኝ ማለቱ ግን ልቤን ነካው።

እኛ ለሰው "እግዜር ይስጥልኝ" ነው የምንለው። ውለታውን እሱ ይክፈልልኝ ማለት ነው። ደስ የሚል ምርቃት ነው። ግን ሰውየው ምን እንዳደረገልን ሳንነግረው እናልፋለን። ሊነግሩት ቢሞክሩም "ኧረ ምን አደረግኩ!" ብሎ ያቋርጣል።

ልጁ አሁንም መልስ ይጠብቃል። ሳህኔን አየሁት። "ስለ ጎመኑ" አልኩት።

ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን እንደልቡ አይበላም። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያደክመዋል። ጨርሶ መተው ሳይሆን በየቀኑ እኩል መጠን መብላት ነው የሚፈለገው። ለዚህ አይ ኤን አር የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ የኔ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ጾም በገባ ቁጥር ቁጥሩ ይዛባብኛል። የጎረቤቴ ሟች ባለቤት ይህንኑ መድኃኒት ይወስዱ ስለነበር እሳቸው ያውቁታል። በዐቢይ ጾም የዶሮ ሾርባ አምጥተውልኝ ጾም ነው ብያቸው ነበር። አልረሱትም። ለዚህ ቀን ለሌላው ሰው ከሠሩት ለይተው ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ፣ በዘይት ጎመን ሠሩልኝ። ግማሽ ስኒ ለክተው ሳህኔ ላይ አደረጉልኝ።

"ሌላስ?" አለ ልጁ።

"ስለ መጥረጊያው እንጨት" አልኩት። ትንፋሽ ያጠረኝ ሌሊት ስልኬን አጣሁት። ያገኘሁት መጥረጊያ ነው። በእንጨቱ ጣሪያውን ደበደብኩ። ከላይ የተኙት ሴት በሌሊት ልብሳቸው፣ በባዶ እግራቸው ወረዱ። እየዳህኩ በሩን ከፈትኩላቸው። ወደ ድንገተኛ አደጋ ቁጥሩ፣ 911 የደወሉት እሳቸው ናቸው። አምቡላንሱ እስኪመጣ ጀርባዬን ደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። ይሄን ሁሉ አስር ወር ሙሉ በአንድ ቴንክ ዩ አልፌው ነበር። ያን ቀን ግን ስማቸውን ጠርቼ፣ እያየኋቸው፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ድምፄ ተቆራረጠ። እሳቸውም አላቋረጡኝም። ዝም ብለው ሰሙኝ።

ቤቴ ስመለስ ለእናቴ ደወልኩ። እኛ ጋ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት፣ እሷ ጋ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። የገብርኤል ዕለት ነበር፤ ነጠላዋን ለብሳ ልትወጣ ስትል አገኘኋት። ከጥር ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣች። "ታዲያ እኔ በየቀኑ ስጸልይ ምን ብዬ ነው የምጸልይልሽ? ሳላውቅ?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ትንሽ ቆይታ "ሴትዮዋ ስሟ ማን ነው?" አለች። ነገርኳት።

"የክርስትና ስሟስ?"

አላውቅም አልኳት። "ነገ ጠይቂያትና ንገሪኝ። ለእሑድ ቅዳሴ ይድረስልኝ" ብላ ዘጋችው።

ሲነጋ ደረጃውን ወጣሁ። 16 ደረጃ ነው። መጋቢት ላይ አራቱን እንኳ መውጣት አቅቶኝ ነበር። መሐል ላይ አንዴ ብቻ አረፍኩና በራቸውን አንኳኳሁ።