ማውዝ ሲያስቸግር ሜኑን በኪቦርድ ማዘዝ

ጸሐፊው ኦቶሆትኪ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የኮምፒውተርን ሜኑ ያለ ማውዝ ለማዘዝ እንደሚጠቅም ያስረዱበትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤ በአብዛኛው ተስማምቻለሁ፤ ይሁን እንጂ ፕሮግራሙን ከመጫን አስቀድሞ ዊንዶውስ ራሱ የያዘው መንገድ ሊነገር ይገባ ነበር። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። ባለፈው ክረምት የማውዙ የግራ ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲጫኑት ሁለት ጊዜ እየቆጠረ ባስቸገረኝ ሰሞን፣ የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ በወርድ ላይ ተከፍቶ ሳለ ኦልትን ነክቼ ለቀቅሁና ኤፍን (F)፣ ቀጥሎም ኤን (A) ተጭኜ በሌላ ስም አስቀመጥሁት (ተማሪዋ አጠገቤ ቆማ መብራት እንዳይጠፋ ትጸልይ ነበር)። ከ2007 እትም ጀምሮ ወርድ ላይ ኦልት ሲነካ የሚጫኑት ፊደላት በትንንሽ ሳጥኖች ብቅ ስለሚሉ በቃል መያዝ እንኳ አያስፈልግም። ሺፍትና ኤፍ 10 አብረው ሲጫኑ ደግሞ በማውዙ የቀኝ ቁልፍ የሚመጣው ሜኑ ይከፈታል።

ወደ ኦቶሆትኪ ስመለስ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ይህ ፕሮግራም ተደጋጋሚ ሥራን በአንድ ቁልፍ ለማሳጠር ወደር የለውም ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ሜኑን በስሙ ጠርቶ የሚመርጠው ትእዛዙ የሚሠራው በቀድሞው ዓይነት የዊንዶውስ ሜኑ ላይ እንጂ እንደ ወርድ ባለው ሪበን (ትእዛዞች በትንንሽ ሥዕል በመስኮቱ አናት የሚደረደሩበት ሰፊ አግዳሚ) ላይ አይደለም። በሪበን ላይ ፕሮግራሙ ኦልትንና ተከታዮቹን ፊደላት በቅደም ተከተል እንዲልክ አድርጎ መጻፍ ይሻላል፤ ጽሑፉ ይህን ሳይለይ በማለፉ ጀማሪ አንባቢ ትእዛዙ አልሠራ ሲለው ጥፋቱን በራሱ ላይ ሊያላክክ ይችላል።