«ቀደም ብላችሁ ውጡ» ላሉን ሰው

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጫለሁ። መስኮቱ አልዘጋ ብሎ ቀኝ ትከሻዬ በስብሷል። መካኒሳ ስንደርስ ቆምን፤ ከፊታችን ያለውም ቆሟል፣ ከእሱ ፊት ያለውም። ሬዲዮው ላይ አንድ የከተማ ኃላፊ ስለ ጎርፉ ይጠየቃሉ። ሦስት ነገር አሉ። የዘንድሮው ዝናብ ከተለመደው በላይ ነው። ኅብረተሰቡ ቆሻሻ እየጣለ ቱቦ ይደፍናል፤ የግንዛቤ ችግር አለ። በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ደግሞ ነዋሪው ከቤቱ ቀደም ብሎ ቢወጣ መጉላላቱ ይቀንሳል።

ቀደም ብሎ ቢወጣ!

«ሰማሽ እህቴ?» አለኝ ሾፌሩ። «እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው የወጣሁት። ከዚህ በላይ ቀደም ልበል ካልኩማ እዚሁ መሪው ላይ ማደሬ ነው።»

ወደ ሌሎቹ ሁለቱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ይህቺን «ቀደም ብላችሁ ውጡ» የምትባለዋን ላንሳት፤ ምክር መስላ የመጣች ስድብ ናትና።

ኃላፊው ከማለዳው 12 ሰዓት ላይ የጀሞን የታክሲ ሰልፍ አይተውት አያውቁም። በዚያ ሰዓት ጥበቃው፣ አልጋ አንጣፊዋ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ በጨለማ ወጥቶ ተደርድሯል። ፌስታል በራሱ ላይ ያጠለቀ አለ፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ጃንጥላ የተጋራ አለ፤ ነፋስ ጃንጥላውን ገልብጦበት በሽቦው የሚታገልም አለ። ሁላችንም አንድ ሰዓት ቀድመን ብንወጣ ሰልፉ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጀምራል እንጂ ታክሲ አይወለድም። ይህን ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ አንድ ቀን መሰለፍ ይበቃል።

ደግሞስ የአዲስ አበባ ክረምት ክፉው ሰዓቱ መቼ ነው? ጠዋትማ ብዙውን ጊዜ ያካፋል፣ ይጨፈግጋል። ሰማዩ የሚቀደደው ከሰዓት በኋላ 9 እና 10 ሰዓት ላይ ነው። ከሥራ ስንወጣ ወንዝ ሆኖ የሚጠብቀንን አስፋልት በማለዳ መነሣታችን እንዴት አድርጎ ያደርቀዋል? ከቤት ቀድመን እንድንወጣ ተመከርን እንጂ ከቢሮ ቀድመን እንድንወጣ የፈቀደልን የለም። ማታ ደግሞ ታሪፍ የሚባለው ነገር ራሱ በጎርፍ ይወሰዳል። ረዳቱ ዋጋውን እንደ ደመናው ክብደት ይጠራል፤ «ካልተመቸሽ ውረጂ» ይላል፤ መውረጃው ደግሞ እስከ ቁርጭምጭሚት ውኃ ነው።

«ጥቂት ሳምንታት» የምትለዋም አትለፈኝ። ለማን ነው ጥቂት? ልብስ ታጥቦ አራት ቀን ይሰጣል፤ አይደርቅም፤ የምንለብሰው ከነሽታው ነው። ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ምጣዱ ተሰክቶ፣ የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይን ማውጣት ስትጀምር መብራት ይሄዳል። ከሰል ልግዛ ብትሉ የረጠበ ነው፤ ባለሱቁ የውኃውንም ኪሎ ጨምሮ ነው የሚሸጥላችሁ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆች በአንድ ክፍል ውስጥ እርስ በርስ ይናከሳሉ። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ቧንቧው ነው። ከላይ ውኃ፣ ከታች ውኃ፣ ቧንቧው ግን ፊው! ብሎ አየር ይተፋል፤ ፈረቃችን ሐሙስ ነው። ስለዚህ ባልዲ ይዘን አሸንዳ ሥር እንሰለፋለን። አዲስ አበባ በሐምሌ ውኃ የሚጠማባት ከተማ ናት።

በእነዚሁ «ጥቂት ሳምንታት» ሰው ይሞታል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ቡሄ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በዚሁ ከተማ ውስጥ ጎርፍ የሰው ሕይወት ወስዷል። በከተማ መሐል፣ በሰፈር ውስጥ። እነዚያ ሰዎች ከቤታቸው ቀደም ብለው ስላልወጡ ነው?

አሁን ወደ ግንዛቤው። ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስ ቱቦ ይደፍናል፤ እውነት ነው፣ በዓይናችን እናየዋለን። ፌስታል የሚከለክል ሕግም ወጥቷል፤ ይሁን፣ ተገቢ ነው። ግን እኔ በሰፈሬ የማየው ቱቦ በፌስታል ብቻ አልተደፈነም። ግንበኛ መንገድ ላይ የከመረው አሸዋ ነው የደፈነው። ከሕንፃ መሠረት ወጥቶ ዳር የተደፋው ጥቁር ዋልካ ነው። ያ አፈር ውኃ ሲጠጣ አብጦ ይጣበቃል፤ ለሚያውቀው ከሲሚንቶ አይተናነስም። ይህን ሁሉ በየቀኑ አልፎ የሚያየው ደንብ አስከባሪ ግን ጥብስ በቆሎ የምትሸጠዋን እናት ሲያሳድድ ነው የሚውለው። የግንዛቤ ችግር ያለበት ማን እንደሆነ እንግዲህ ፍረዱ። በእኛ አገር «ግንዛቤ» ማለት ጥፋት ወደ ታች የሚወርድበት ቱቦ ነው፤ እሱ ብቻ ተደፍኖ አያውቅም።

«ከተለመደው በላይ ዘነበ» ለሚለው ግን ቁጭ ብዬ ነው የምመልሰው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ ክረምት ቀርቶባት አያውቅም። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል፤ ከዚህ ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። ይህ ምሥጢር አይደለም። የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ትንበያውን ያወጣል። እሱን የማይሰማ ቤተ ክርስቲያን ይጠይቅ፤ ዘመነ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 እንደሚወጣ አባቶች ከነቀኑ ጽፈው ተዉልን። አያቴ መጻፍና ማንበብ አይችልም ነበር፤ የቤቱን ክዳን የሚያድሰው ግን በግንቦት ነበር። «ዘንድሮ ከተለመደው በላይ ዘነበ» ብሎ ልጆቹን በፍሳሽ ሥር አላሳደረም።

ከተማው ግን ሌላ የቀን መቁጠሪያ ነው ያለው፤ የበጀት ቀን መቁጠሪያ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። እስቲ ይህን ከዝናቡ ጋር አስተያዩት። ብሩ ሲመጣ ዝናቡ ይወርዳል፤ መሥራት አይቻልም። መስከረም ይጠባል፣ ጥቅምት ይደርቃል፣ ምድሩ ለቁፋሮ የሚመች ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ ጨረታ ላይ ነን። ጨረታው ይወጣል፣ ይሰረዛል፣ ድጋሚ ይወጣል። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ ጥር፣ የካቲት፤ ፀሐይ በከንቱ ትወጣለች፣ በከንቱ ትገባለች። ሚያዝያ ላይ ውል ይፈረማል። ግንቦት ላይ አንድ ሰው ደንግጦ ይነሣና «በጀቱ ሊመለስ ነው!» ይላል። ከዚያ ከተማው በሙሉ በአንድ ሌሊት ይቆፈራል። ዶማ፣ ኤክስካቫተር፣ ቢጫ ሪባን። ሰኔ 12 ሚካኤል ሲነግሥ የእኛ ሰፈር ቦይ አፉን ከፍቶ ነበር። ሰኔ 30 በወረቀት ላይ ተጠናቀቀ። ሐምሌ ላይ የተቆፈረው አፈር ተመልሶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ፤ የተረፈውም ወደ ቤታችን።

ማስረጃሽ ምንድን ነው የሚለኝ አይጠፋም። ማስረጃዬ ጫማዬ ነው። በጥር ወር መንገድ ተቆፍሮ ያየ ሰው ይንገረኝ፤ በሰኔ ተቆፍሮ ያላየ ደግሞ እጁን ያውጣ። ሰው ሁሉ «በጀት ለመጨረስ ነው» እያለ የሚያልፈው እኮ ቀልድ ሆኖ አይደለም፤ ነዋሪው የከተማውን አሠራር ከኃላፊው አስቀድሞ ስለተረዳው ነው። እዚህ ላይ የግንዛቤ ችግር የለብንም።

መንግሥት የዝናቡን ቀን አያውቅም እንዳንል ደግሞ ችግኝ አለ። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ እንተክላለን፤ እኔም ሦስት ጊዜ ወጥቼ ተክያለሁ። የመትከያ ጉድጓዱ መቼ ይቆፈራል? ዝናቡ ሳይገባ! ችግኙ ቀድሞ ይፈላል፣ ጉድጓዱ ቀድሞ ይዘጋጃል፣ መኪናው ቀድሞ ይመደባል፣ ቲሸርቱ እንኳ ቀድሞ ይታተማል። ለአንዲት የወይራ ችግኝ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ከነሳምንቱ የሚያውቅ መዋቅር፣ ለአንድ ሰፈር ሕዝብ ሲሆን «ከተለመደው በላይ ዘነበ» ይላል። ችግኝ ብንሆን ኖሮ ይሻለን ነበር።

አንዱ ወዳጄ ይህን ስነግረው የኮሪደር ልማቱን አነሣብኝ። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መብራቱ ያምራል፤ ፒያሳ ላይ በሐምሌ ጭቃ ሳልረግጥ ሄጃለሁ፣ አልክድም። ነገር ግን ውኃ ኮሪደር አይቶ አይቆምም። ይህቺ ከተማ ተዳፋት ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ተኝቷል። ላይ የወረደው ሁሉ፣ በቀበናም በግንፍሌም በባንትይቀጡም በኩል፣ ወደ ታች ነው የሚሮጠው። ላዩን በድንጋይና በአስፋልት ባለበስነው መጠን መሬቱ የሚጠጣው ይቀንሳል፤ ታች ያለው ሰፈር የሚቀበለው ይጨምራል። የላይኛው ሰው ደረቅ እግር በታችኛው ሰው ሳሎን ነው የሚከፈለው። ይህን የሚያስታውስ ቱቦ አብሮ ተቀብሮ ከሆነ እኛ ጋ ገና አልደረሰም።

ከታክሲ ማዞሪያው ዳር በቆሎ የምትጠብስ እናት አለች። ሸራዋን በአራት አጣና ወጥራ፣ ዙሪያውን በመጥረቢያ ጀርባ አንድ ስንዝር የሚሆን ቦይ አውጥታለች። ውኃው ዞሮ ያልፋታል፤ ከሰሏ አይነካም። በዚያ ሁሉ ጎርፍ መሐል ደረቅ መሬት ያለው እሷ ጋ ብቻ ነውና ታክሲ ስንጠብቅ እንጠጋለን።

«ማዘር፣ ይህን መቼ ቆፈርሽው?» አልኳት።

«በሚያዝያ ነዋ ልጄ። ሲዘንብ ይቆፈራል እንዴ?»

ዓመታዊ በጀቷ አንድ ማዳበሪያ ከሰልና ሁለት ማዳበሪያ እሸት ነው። ጨረታ አላወጣችም። ደንብ አስከባሪዎች ሁለት ጊዜ ሸራዋን ነቅለውባታል፤ ቦዩን ግን አልደፈኑትም፣ እነሱም ዝናብ ሲመጣ እዚያው ነው የሚጠለሉት።

ከእሷ ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። ሰኔ ላይ አንድ ባጃጅ የፊት ጎማውን ከትቶበት ነበር። አመለከትን፤ «ተመዝግቧል» ተባልን። ደግመን አመለከትን፤ የሚመለከተው ክፍል ሌላ ነው ተባልን። የሰፈሩ ልጆች ጎርፉ ሸፍኖት ሰው እንዳይገባበት አንድ የኮርች ቅርንጫፍ ቆርጠው መሐሉ ላይ ተከሉ። አንድ ወር አለፈው። ትናንት ሳልፍ ቅርንጫፉ ቅጠል አውጥቷል። በዘንድሮው የችግኝ ቁጥር ውስጥ ይግባልን።