የአቃቂን ውሃ ስንት ጊዜ ነው የምንለካው?

አዲስ አበባን አቋርጦ በሚወርደው አቃቂ ወንዝ ላይ ያልተሰራ የማስተርስ ቴሲስ የለም ማለት ይቻላል። የኬሚስትሪው ተማሪ ክሮሚየምና ሊድ የሚባሉትን መርዛማ ብረቶች ይለካል፣ የኢንቫይሮመንታል ሳይንሷ ቆስጣና ሰላጣው ውስጥ የገባውን ካድሚየም ትለካለች፣ የፐብሊክ ሄልዙ ደግሞ በወንዙ አትክልት የሚያለሙትን ገበሬዎች ሰገራ አስመርምሮ ወስፋት ይቆጥራል። የኮምፒውተር ሳይንሱ ተማሪ አቃቂ አይሄድም፣ እሱ ጋ ቆይቼ እመጣለሁ። ሁሉም ዲፌንስ ያደርጋል፣ ይመረቃል፣ ጥራዙ ሼልፍ ላይ ይወጣል። እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ጉልት ላይ የምንገዛው ቆስጣ ከወንዙ ዳር ማሳ የመጣ ይሁን ከሌላ ቦታ ሻጯ ራሷ አታውቅም፣ እና ይሄ ሁሉ ጥናት ተደምሮ "ይበላል ወይስ አይበላም" ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ለምን ሲባል ሁሌ የሚመጣው መልስ በጀት ነው። በጀት የለም፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ያለችውም ብር የምትወጣው አንድን ነገር ደጋግሞ ከዜሮ ለመጀመር ነው። ወንዙን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፍለነዋል፣ ሁሉም መደቡን ይዞ ቤቱ ይገባል።

ነገሩ በተግባር እንዴት እንደሚበላሽ ልንገራችሁ። ተማሪው ፕሮፖዛሉ እስኪጸድቅለት፣ ደብዳቤ እስኪጻፍለት፣ ብሩ እስኪለቀቅለት ጥር ወይ የካቲት ይደርሳል፣ ስለዚህ ናሙና የሚወስደው በጋ ላይ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ አንዴ ብቻ። በጋ ላይ ውሃው ስለሚቀንስ ቆሻሻው ይወፍራል፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ያቀጥነዋል፣ ግን ደግሞ ጎርፉ ከላይ ከከተማው ሌላ ጉድ ጠርጎ ያመጣል። ይሄ የክረምቱ ታሪክ ያመልጠናል። ከዛ "ናሙና የተወሰደበት ቦታ" የሚለው ጋ "ከድልድዩ በታች" ይላል። የትኛው ድልድይ? ጂፒኤስ እኮ ስልካችን ላይ አለ! በሁለተኛው አመት ሌላ ተማሪ መጥቶ ከሌላ ድልድይ በታች ይቀዳል፣ ቁጥሮቹ አይገጥሙም፣ ወንዙ ተሻሻለ ወይስ ባሰበት ማለት አይቻልም። ክሮሚየሙም እንደዛው ነው። ቆዳ ፋብሪካ በብዛት የሚጠቀመው ክሮሚየም 3ን ነው፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ የሚፈራው ግን ክሮሚየም 6 ነው፣ ብረት የሚለካው አቶሚክ አብዞርፕሽን ማሽን ለብቻው ሁለቱን ሳይለይ በጅምላ ነው የሚነግርህ፣ አንዱ ተማሪ ለይቶ ይለካል ሌላው ጅምላውን ይጽፋል፣ አራት አመት ቆይቶ ሁለቱን ጥራዝ ጎን ለጎን የሚያነብ ሰው ምን እንደሚያደርግ ይጨንቀዋል።

ጤናው ጋ ስትሄዱ ሌላ ጣጣ አለ። ካርድ ክፍል ያለው አድራሻ ክፍለ ከተማና ወረዳ ነው፣ በዛ ካለ የቤት ቁጥር። አንድ ወረዳ ውስጥ ወንዝ ዳር ላስቲክ ወጥሮ የሚኖር ሰውም፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰውም አለ፣ ካርዱ ላይ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው። የተቅማጥ በሽተኛውን ከወንዙ ጋር ማገናኘት የሚቻለው እንዴት ነው?

ቀኑም አለ፣ ይሄን ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ከጤና ጣቢያ ወደ ላይ የሚሄደው ወርሃዊ ሪፖርት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሆኖ ወሩ የሚቆጠረው ከ21 እስከ 20 ነው፣ ማለትም "የጥር" የሚባለው ከታህሳስ 21 እስከ ጥር 20 ያለው ነው። በዚህ ሂሳብ "የመስከረም" ሪፖርት ከነሐሴ 21 ተነስቶ ጳጉሜን ውጦ መስከረም 20 ላይ ያልቃል፣ 35 ቀን (ጳጉሜ 6 ስትሆን 36) ይሆናል ማለት ነው፣ ሌሎቹ 30 ሲሆኑ። ይሄን የማያውቅ ጎበዝ ፕሮግራመር ዳታውን ሞዴል ውስጥ ቢከተው በየአመቱ መስከረም ላይ "ወረርሽኝ" ያገኛል፣ ደስ ብሎት ግራፍም ይሰራለታል። ካርድ ክፍል የምትሰራዋ ልጅ ግን በአንድ ደቂቃ ትነግረው ነበር። የሳተላይት ፎቶ ደግሞ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያወራው። ሴንቲነል ቱ የሚባለው በየ5 ቀኑ በላያችን ያልፋል፣ በ10 ሜትር ጥራት ፎቶ ያነሳል፣ በነጻ ይወርዳል፣ ወንዙ የሚገባበትን የአባ ሳሙኤልን ሐይቅ የወረሰውን እምቦጭ ሲሰፋና ሲጠብ እዚሁ ቁጭ ብለህ ማየት ትችላለህ። የውሃ ናሙናው፣ የሕመምተኛው ካርድና የሳተላይቱ ፎቶ በአንድ ቀን መቁጠሪያ ላይ ቢቀመጡ ምን ያህል ነገር ይታይ እንደነበር አስቡት።

አሁን ወደ ኮምፒውተር ሳይንሱ ልጅ። ርዕሱ "በማሽን ለርኒንግ የስኳር በሽታን መተንበይ" ነው። ዳታው ከየት መጣ? ኢንተርኔት ላይ ፒማ የሚባል ፋይል አለ፣ አሪዞና ውስጥ የሚኖሩ የፒማ ተወላጅ የሆኑ የ768 ሴቶች መረጃ ነው፣ አሜሪካ! እነዚህ ሴቶች አዲስ አበባ ውስጥ ለስንት ዲግሪ እንዳገለገሉ ቢሰሙ ይገርማቸው ነበር። የሳንባ ነቀርሳውም ያው ነው፣ በብዛት የሚወርዱት ኤክስሬዮች 138ቱ ከአሜሪካዋ ሞንትጎመሪ፣ 662ቱ ከቻይናዋ ሸንዘን ናቸው፣ ነቀርሳው በሽበሽ ያለው እኛ ጋ ሆኖ። ልጁን አልወቅሰውም። ያ ፋይል በአምስት ደቂቃ ይወርዳል፣ ሰፈሩ ያለው ጤና ጣቢያ ዳታ ለማግኘት ግን የድጋፍ ደብዳቤ፣ የኤቲክስ ኮሚቴ፣ የክፍለ ከተማ ማህተም፣ ከዛ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው"። ስለዚህ አሪዞናን ይመርጣል፣ አኩረሲ 90 ምናምን ፐርሰንት አመጣሁ ይላል፣ ኤግዛማይነሩም የሚጠይቀው ስለ አልጎሪዝሙ ነው። ይሄ ሞዴል ቂሊንጦ ላለች እናት ይሰራል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ክፍሉ ውስጥ የለም።

ስለ ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ ሁላችንም በትምህርት ቤት ሰምተናል። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከነሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ፣ ከዛ ነው ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል ይቻላል የሚለው ምርምር የመጣው፣ በ1989ም ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ያንን ፕሮፖዛል ይዞ ቢመጣ እኮ "ይሄ ባዮሎጂ ነው፣ ኬሚስትሪ ነው ወይስ ፐብሊክ ሄልዝ? ዲፓርትመንትህን ለይና ተመለስ" የሚለው አይጠፋም።

አይቻልም የሚለኝ ካለ ቡታጅራን ልጥራ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በ10 ቀበሌዎች ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ሰፈር ቀየረ እያለ ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ። ከዛ መዝገብ ላይ ስንትና ስንት ማስተርስና ፒኤችዲ ተሰራ፣ የእናቶች ጤና ያጠናውም የአእምሮ ሕመም ያጠናውም ያንኑ መሰረት ይዞ ነው የተነሳው። ለአቃቂ ተፋሰስ ይሄን የሚመስል ነገር የሌለን ሰው ስለጠፋ አይደለም። የሕክምና ትምህርቱ ጥቁር አንበሳ አለ፣ አርማወር ሐንሰን የሚባለው የሕክምና ምርምር ተቋም አለርት ሆስፒታል ግቢ ውስጥ አለ፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ቂሊንጦ ወንዙ አጠገብ ነው። በመኪና የአንድ ሰአት መንገድ ነው፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ዳታውን ሌላ ሰው ሊጠቀምበት በሚችል መልኩ ሳያስረክብ ማንም ዲፌንስ አይግባ። የቦታው ጂፒኤስ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ምን በምን ማሽን እንደተለካ፣ በቃ። አሁን የምናስረክበው ጥራዙን ነው፣ ዋናው ኤክሴል ግን ተማሪው ላፕቶፕ ላይ ይቀርና ላፕቶፑ ሲሸጥ አብሮ ይሄዳል፣ ወይ ፍላሹ ቫይረስ ይበላዋል። ሰርቨር ከየት ይምጣ የሚሉ አሉ፣ የአንድ ቴሲስ ኤክሴል እኮ ቴሌግራም ላይ ከምንላላከው የሰርግ ቪዲዮ ያንሳል።

"ዳታዬን ይሰርቁኛል" የሚለው ፍርሃት ግን ቀልድ አይደለም፣ የተሰረቁ ሰዎችን አውቃለሁ። ለሱ ሁለት አመት ይቆለፍለት፣ ፔፐሩን እስኪያወጣ። የሕመምተኛ ምስጢርም አለ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ፣ ስም፣ ስልክና የካርድ ቁጥር ይውጣ፣ ለወንዙ ጥያቄ የሚያስፈልገው ሰውየው ማን እንደሆነ ሳይሆን ከውሃው ምን ያህል ርቆ እንደሚኖር ነው።

የሚከብደው አስተማሪዎቹ ጋ ነው። ሶስት ተማሪ ከሶስት ዲፓርትመንት አንድ ወንዝ ላይ ይስሩ ስትል መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ "አድቫይዘሩ ማን ነው፣ ፔፐሩ ላይ የማን ስም ይቀድማል" ነው፣ እድገት የሚገኘው በፔፐር ቆጠራ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ግን መፍትሄው ያን ያህል አይከብድም፣ ሁሉም የየራሱን ቴሲስ በየራሱ አድቫይዘር ይጻፍ፣ ናሙናውን ግን በአንድ ቀን ከአንድ ቦታ ይውሰዱ፣ ጤና ጣቢያውም አንድ ደብዳቤ ብቻ ይድረሰው። ኮምፒውተር ሳይንሱም አብሮ ቦቲ አድርጎ ይውረድ፣ ሽታውን ይወቀው። የዘንድሮ ፕሮፖዛሎች ገና ስላልጸደቁ ይሄን ለመጀመር የሚያስፈልገው የሶስት ዲፓርትመንት ኃላፊዎች አንድ ከሰአት ስብሰባ ነው።