ሶኬት የሌለው ስፒከር

ሐዋሳ ላይ ቤት ሠርቶ የገባ ሰው ዕቃ የሚያሟላው በተራ ነው። ሴራሚኩ ይነጠፋል፣ ጂፕሰሙ ይሠራል፣ ኤል ሶፋው ይገባል፣ ግማሽ ግድግዳ የሚሸፍን ቲቪ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ምን እንደሚደረግበት ግራ ያጋባል። ወዳጄ አላሙራ በኩል የሠራውን ቤት ጨርሶ እዚህ ደረጃ ላይ ደርሷል።

"ስፒከር ልቀይር ነው" አለኝ። "ይሄ ቴፕ ከቤቱ ጋር አይሄድም። መሬት ላይ የሚቆመውን፣ ሃይ ኤንድ የሚሉትን ነው የምፈልገው። እዚህ ድረስ የሚሆን።" እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አሳየኝ።

ልብ በሉልኝ፤ ስለ ድምፅ እስካሁን አንድ ቃል አልወጣውም። ቁመቱ ነው የቀደመው።

አሞራ ገደል ዓሣ ልንበላ የሄድን ቀን ወሬው ለሰው ደረሰና ነገሩ ኮሚቴ ሆነ። እኛ አገር ሰው ሲታመም ሁሉም ሐኪም ነው፤ ስፒከር ሲገዛ ደግሞ ሁሉም በወጣትነቱ ዲጄ ነበር። እሾህ እየለቀሙ ሁሉም የሚጠይቁት ያንኑ ነው፦ "ስንት ዋት ነው?"

ነጋዴውም ይህን ስለሚያውቅ ካርቶኑ ላይ "12,000 ዋት" ብሎ በትልቁ ይጽፍልናል፤ አጠገቡ በትንሹ "ፒኤምፒኦ" የምትል አለች። ፒኤምፒኦ እንዴት እንደሚለካ ሁሉም የተስማሙበት ደንብ የለም፤ አምራቹ እንደ ልቡ ያሰላዋል። ቁምነገሩ ያለው አርኤምኤስ በሚባለው፣ ማለትም ስፒከሩ ሳይጎዳ ያለማቋረጥ በሚሸከመው ኃይል ላይ ነው። ያ 12,000 እውነት ቢሆን ኖሮ በ220 ቮልት ከ50 አምፔር በላይ ስለሚስብ ዘፋኙ አፉን ሳይከፍት ብሬከሩ ይወርድ ነበር። ሳሎን ውስጥ እየተጨዋወቱ ለመስማት እኮ አንድ ሁለት ዋት ይበቃል።

እኔም አፌ አያርፍ፣ "ከዋቱ በፊት ሴንሲቲቪቲውን እዩ" አልኩ። በ1 ዋት፣ 1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያው ነው) ያወጣል ነው ነገሩ። 90 የሚያወጣውና 87 የሚያወጣው እኩል እንዲጮኹ ከተፈለገ ሁለተኛው እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ አስረድቼ ስጨርስ ልጁ የ12ኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ውጤት የሚጠብቀው ሰውዬ "87 እኮ ጥሩ ውጤት ነው፣ ምን አነሰው?" አለ። ሁሉም ተስማማ። እኔም ዓሣዬን በላሁ።

ሱቅ ሄዶ መሞከር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ፒያሳ አካባቢ በር ላይ የቆመው ሞንታርቦ ከጎረቤት ሱቅ ሞንታርቦ ጋር ይፎካከራል፣ በመሀል ባጃጁ የራሱን ይዞ ያልፋል፣ አንተ እዚያ መሀል ቆመህ "ጥራት" ትመረምራለህ። ሻጩ ቤዙን እስከ መጨረሻ ያዞረውና "ብራዘር፣ ሆድህ ውስጥ ተሰማህ?" ይልሃል። ተሰምቶኛል። ግን ዘፋኙ ወንድ ይሁን ሴት አልለየሁም። "ኦሪጅናል ነው፣ የዱባይ ነው" ይልሃል ደግሞ፤ ዱባይ ስፒከር የሚበቅልበት አገር ይመስል።

ወዳጄ በዚህ አልረካም፤ ማንበብ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ አብሮት መቀመጥ ከባድ ሆነ። ኬፍ የሚባለው ስፒከር ሠሪ ኩባንያ በ1961 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ኬንት ውስጥ ከአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ግቢ እንደተነሣ ያስረዳሃል። ቢ ኤንድ ደብሊው የሚባለው ሌላው ኩባንያ ደግሞ 801 የሚለውን ስፒከር በ1979 እ.ኤ.አ. እንዳወጣና ትልልቅ ስቱዲዮዎች እንደወሰዱት ይጨምርልሃል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር! ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱትን አስቁሞ "ክሮስኦቨር ማለት ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈር፣ ቀጭኑን ለትዊተር የሚያከፋፍል ነው" ሲል አንድ አዛውንት ካርታቸውን ሳያወርዱ "እንደ እድር ዳኛ ነዋ፤ ድንኳኑን ላንዱ፣ ድስቱን ላንዱ" አሉት። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የትም አላነበብኩም።

ምርጫው ሲያልቅ እንዴት ይግባ የሚለው መጣ። እህቱ ከአሜሪካ ልትመጣ ነበርና ደወለላት።

"እትዬ፣ ሁለት ስፒከር ብቻ ነው።"

"ስንት ኪሎ ነው?"

"አንዱ 30 ነው።"

የአንድ ሻንጣ ልክ 23 ኪሎ መሆኑን ያጣዋል ብዬ አላምንም፤ ቀሪው በእህት ፍቅር ይታለፋል ብሎ ነው። እሷ ግን "ለእማዬ መድኃኒት፣ ለልጆችህ ጫማ፣ ላንተ ቁም ሳጥን ይዤ ልምጣ?" ብላ ዘጋችው። በመጨረሻ ጠቅልሎ በሚመለስ ዘመድ የቤት ዕቃ መሀል በኮንቴይነር መጣ። ስንት እንደወጣበት አልጽፍም፤ ባለቤቱ ይሄን ልታነብ ትችላለች።

እሷ ደግሞ ገና ካርቶኑ ሳይከፈት ፍርዷን ሰጥታለች። "ማዕዘን ላይ ይቆማሉ፣ አለቀ።" እሱ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ይራቁ ባይ ነው። "ታዲያ ሰው በየት ይለፍ? ቡናውስ የት ይቀርባል?" ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ለነገሩ ማዕዘን የሚወድ ስፒከርም አለ። ፖል ክሊፕሽ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1946 እ.ኤ.አ. መሸጥ የጀመረው ትልቅ ስፒከር ሁለቱን ግድግዳዎች እንደ ራሱ አካል እንዲጠቀም ሆን ተብሎ ለማዕዘን የተሠራ ነው። የወዳጄ ግን ያ አይደለም። እንዲህ ያለው ማዕዘን ውስጥ ሲገባ ቤዙ ያብጥና ሌላውን ድምፅ ይውጠዋል።

ቤዝ ደግሞ ሰው አይመርጥም ማለት አይቻልም። ሳሎኑ 4 ሜትር ነው እንበል። 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው፣ ማለትም በሰከንድ 43 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው ወፍራም ድምፅ፣ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 8 ሜትር ያህል፣ የሳሎኑ እጥፍ ነው፤ ግድግዳና ግድግዳ መሀል ይመላለስና ግድግዳው ጋ ይወፍራል፣ መሀል ወለል ላይ ይጠፋል። ስለዚህ መሀል ላይ ቡና የምታፈላዋ "ድምፅ ጨምሩ" ትላለች፣ ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡት ጋሼ ደረታቸውን ይዘው "ቀንሱ" ይላሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ይሄን ጉዳይ ስፒከር በመቀየር የፈታ የለም።

አሁን የልቤን ልናገር። ገንዘብ የሚበላው ስፒከሩ ነው እንጂ የሚዘፍነው ቤቱ ነው። አዲሱ የሐዋሳ ሳሎን ደግሞ ከላይ ጂፕሰም፣ ከታች ሴራሚክ፣ ከፊት መስታወት ነው። አንዴ ብታጨበጭብ መልሶ ያጨበጭብልሃል። የወዳጄ እናት ከይርጋለም የመጡ ዕለት፣ ስፒከሩ ገና ሳይከፈት፣ በሩ ላይ ቆመው "ልጄ፣ ቤትህ ለምን ይጮኻል?" አሉት። ያ ሁሉ ንባብ ያልደረሰበትን እሳቸው ጫማቸውን ሳያወልቁ ደረሱበት። የቤት ምረቃ ስጦታቸው ወፍራም ምንጣፍና መሬት የሚጠርግ ከባድ መጋረጃ ነበር። ባለቤቱ "ፋሽኑ አልፎበታል" ብላ ልታስቀምጠው አስባ ነበር፤ ለክብራቸው ሲባል ተነጠፈ፣ ተሰቀለ። የዚያን ቀን ነው ድምፁ የተስተካከለው። የእናቶቻችን ሳሎን፣ ያ በምንጣፍ፣ በትራስና በጥልፍ የታጨቀው፣ ለካ ስቱዲዮ ነው!

ችግሩ እማማ እዚያ ላይ አላቆሙም። ስፒከሮቹ ላይ ዳንቴል አልብሰው የፕላስቲክ አበባ አስቀመጡባቸው። ከፍ ባለ ቁጥር አበባው እስክስታ ይወርዳል።

አጎትየውም አብረው መጥተው ነበር። ስፒከሩን ዞረው ዞረው አዩት።

"ሶኬቱ የታለ?"

"ሶኬት የለውም አጎቴ። ኃይሉን የሚያገኘው ከአምፕሊፋየሩ ነው።"

"ፍላሽስ የት ይሰካል?"

"አይሰካም።"

"መብራት ይበራበታል?"

"የለውም።"

"ሪሞት?"

"የለውም አጎቴ።"

ዝም አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ ቀስ ብለው፣ "ልጁን አታለውታል መሰለኝ" አሉኝ። ያ የድሮው ቴፕ መብራቱ በሰባት ቀለም ይጨፍር ነበራ። ትንሹ ልጅ በበኩሉ ትዊተሩ መሀል ላይ ያለችውን ጉብታ በጣቱ ተጭኖ አስገብቷታል። እኔ ያየሁት የስፒከር ማብራሪያ ላይ ስለ ልጅ ጣት የተጻፈ የለም፣ ይገርመኛል።

ዘፈኑስ? ዘፈኑ በብሉቱዝ ከስልክ ነው የሚመጣው። ስልኩ ላይ ያለው ደግሞ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ኖሮ፣ በመጨረሻ አንድ ሰው በትንሹ ፋይል ጨምቆ የጫነው የድሮ ዘፈን ነው። ጥሩ ስፒከር ምንም አይደብቅም። የካሴቱን ሽሽታ፣ የሳክስፎኑን መሰንጠቅ፣ ከኋላ የሚያስለውን ሰው ሳይቀር አጥርቶ ያሰማሃል። "አሮጌው ላይ እንዲህ አልነበረም" ትላለች ባለቤቱ። እውነቷን ነው፣ አሮጌው ደብቆላት ነበር። ወዳጄ ስልኩ ሲጠራ ዘፈኑ ተቋርጦ የስልክ ጥሪው በሁለቱ ስፒከሮች ግቢውን ሲያናውጥ ግን ደስ ይለዋል፤ ጎረቤት ሁሉ ሰማ ማለት ነው።

ጎረቤትም ሰምቷል። ባለፈው ሳምንት በአጥር ማዶ ያሉት ጋሼ ከእማወራቸው ጋር ሆነው መጡ። ቡና ጠጡ፣ ቤቱን መረቁ፣ ከዚያ ጉዳዩ መጣ።

"የልጃችን ምርቃት ቅዳሜ ነው። ድንኳን ጥለናል። ያንን ሞንታርቦ ብትተባበሩን።"

ወዳጄ ላብ አጠመቀው። "ጋሼ፣ ይሄ እኮ ለሳሎን የተሠራ ነው። ድንኳን ውስጥ አይሆንም።"

"ድንኳንም ቤት ነው ልጄ።"

"አምፑም ከባድ ነው፣ ሽቦውም..."

"ሰው አለን፣ እንሸከማለን።"

ባለቤቱ በዓይኗ ታፈጥበታለች፤ ጎረቤት እምቢ ይባላል እንዴ? እሱ የመጨረሻውን ሞከረ። "ጋሼ፣ እነዚህ ሁለቱ አንድ ላይ ነው የሚሠሩት። አንዱ የግራውን ያወጣል፣ አንዱ የቀኙን። አይለያዩም።"

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀምጠው ጥቂት አሰቡ።

"ኧረ አናስቸግራችሁም" አሉ። "ግራውን ብቻ ስጡን።"