ክርክር፦ የተተወ የወርቅ ማውጫ ባለበት በረሃማ ተራራ ላይ ብቻን መጓዝ

ጥያቄው አጭር ነው፤ የተተዉ የማዕድን ዋሻዎች በሞሉበት በረሃማ ተራራ ላይ ሰው ብቻውን መጓዝ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? መነሻው ደሴ ውስጥ ጂኦግራፊ የምታስተምር አንዲት የእግር ተጓዥ፣ ባለፈው ጥር ላስ ቬጋስ የምትኖረውን እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ሳለ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የሞት ሸለቆ ብሔራዊ ፓርክ ብቻዋን ያደረገችው የአንድ ቀን ጉዞ ነው። ተቃውሞውን የሚያቀርቡት ወሎ ውስጥ ደላንታ ላይ ለዓመታት ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ሲቆፍሩ ኖረው ዛሬ ኮምቦልቻ ውስጥ በብረታ ብረት ሥራ የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። ሁለቱ ይተዋወቃሉ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደሴ፦

ስለ ሞት ሸለቆ የሚነገረው አስፈሪ ነገር አብዛኛው የሐምሌ ወሬ ነው። ጁላይ 10 ቀን 1913 እዚያ የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ ዛሬ የዓለም ከፍተኛው የአየር ሙቀት ሆኖ በመዝገብ ላይ ይገኛል፤ በጥር ግን የቀኑ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ስለሚሆን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ መራመድ ስጀምር ሹራብ ደርቤ ነበር። የወጣሁት ፊውነራል በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ላይ ወደሚገኘው ኪን ወንደር የተባለ የቀድሞ ወርቅ ማውጫ ነው። ወርቁን በ1903 ያገኙት ጃክ ኪንና ዶሚንጎ ኤቻረን የተባሉ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ኤቻረን አንድ ዓይና ሥጋ ሻጭ እንደነበር ይነገራል፤ ይህን ያነሣሁት ለክርክሩ ስለሚጠቅም ሳይሆን ነገሩ ስለሚገርመኝ ነው። በ1907 የተሠራው የኬብል ማጓጓዣ አንድ ማይል ገደማ ርዝመት አለው፤ ይነዳ የነበረውም በስበት ነው፤ ድንጋይ የጫኑት ባልዲዎች ቁልቁል ሲወርዱ በክብደታቸው ባዶዎቹን ወደ ላይ ይጎትቱ ነበር። የእንጨት ማማዎቹ ዛሬም እንደቆሙ ናቸው።

መንገዱ ሁለት ኪሎ ሜትር ከምናምን ብቻ ቢሆንም በዚያች ርቀት ውስጥ 450 ሜትር ገደማ ሽቅብ ያስወጣል። የደሴውን ጦሳ ተራራ በአቋራጭ ለለመደ እግር እንግዳ አይደለም፤ ልዩነቱ ጦሳ ላይ ጉምና እረኛ አይጠፋም፣ እዚያ ግን ሁለቱም የሉም። አምስት ሊትር ውኃ ይዤ ነበር፤ የምሄድበትንና የምመለስበትን ሰዓት ለእህቴ በወረቀት ጽፌ ትቼላታለሁ፤ የስልክ ኔትወርክ ስለሌለም በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ተከራይቼ ደረቴ ላይ አንጠልጥያለሁ።

ብቻዬን የሄድኩት ጓደኛ አጥቼ አይደለም። ሰው ሲበዛ ድፍረት ይበዛል፤ አንዱ ሌላውን እያየ፣ ማንም «እንመለስ» ብሎ ቀድሞ መናገር ስለማይፈልግ፣ ሁሉም ያላመነበትን መንገድ አብሮ ይሄዳል። በ1996 አራት ጀርመናውያን ጎብኚዎች፣ ሁለት አዋቂዎችና ሁለት ልጆች፣ በዚያው ፓርክ በሐምሌ ሙቀት ጠፉ፤ መኪናቸው ጎማው ተንፍሶ ሰው በማይደርስበት ሸለቆ ውስጥ የተገኘው ከወራት በኋላ ሲሆን፣ የአዋቂዎቹ አጽም የተገኘው ደግሞ በ2009 ነው። አራት ነበሩ። ያጠፋቸው ሙቀቱ፣ መንገዱና የውኃ እጥረቱ ነው፤ የሰው እጥረት አልነበረባቸውም።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልጻፍ። ዋናዎቹ የዋሻ አፎች በብረት ፍርግርግ የተዘጉ ናቸው፤ ፓርኩም ወደ ውስጥ አትግቡ ይላል። ከመንገዱ ወጣ ባለች አንዲት ሰርጥ ውስጥ ግን ፍርግርግ የሌላት፣ ጎንበስ ብሎ የሚያስገባ ትንሽ አፍ ያላት ዋሻ አገኘሁ፤ የራስ ባትሪዬን አብርቼም ገባሁ። አሥራ አንድ እርምጃ ቆጥሬያለሁ። ከውስጥ ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል፤ በድጋፍ ግንዱ ላይ የመጥረቢያው ምልክት ትናንት እንደተጠረበ ያህል ይታያል፤ ጥግ ላይ ክዳኑ በቢላ የተከፈተ የዛገ ቆርቆሮ አለ። አሥራ አንደኛው ላይ የጫማዬ ድምፅ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ ድንጋይ ላይ እንደሚረግጥ ጫማ ይንኳኳ የነበረው፣ በድንገት ከበሮ ላይ እንዳረፈ ሆነ። ዝቅ ብዬ አቧራውን በእጄ ስጠርገው ሳንቃ ነበር፤ ከሳንቃው ሥር ምን ያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ እንዳለ ለማወቅ አልቆየሁም፤ የገባሁበትን ዱካ እየረገጥኩ ወደ ኋላ ወጣሁ። መግባቴ ስህተት ነበር። ነገር ግን ያንን ድምፅ የሰማሁት ብቻዬን ስለነበርኩ ነው፤ ከኋላዬ እያወራ የሚከተለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አልሰማውም ነበር።

ከኮምቦልቻ፦

ልጄ፣ አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ፤ ተቃውሞዬ ሴት ስለሆንሽ አይደለም፤ ለወንድሜም ይህንኑ እጽፍለት ነበር፣ ምናልባትም ከዚህ በከረረ ቃል።

የዚያ ድምፅ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል። ሳንቃው አልተሰበረም፤ ስለዚህ ጆሮሽ አዳነኝ ትያለሽ። ሳንቃው ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ግን ስለ ጆሮሽ የሚጽፍልን ማንም አይኖርም ነበር።

ደላንታ ላይ ኦፓሉ የሚገኘው በገደሉ ወገብ በተጋደመች፣ ውፍረቷ አንድ ሜትር በማይሞላ ንብብር ውስጥ ነው። እሷን ተከትለሽ ወደ ተራራው ሆድ ትገቢያለሽ፤ ከላይሽ ያለው ድንጋይ የተሸከመው ተራራውን ነው፣ ድንጋዩን የሚሸከምለት ምሰሶ ግን ብዙ ጊዜ የለም። እኔ አብሬያቸው የሠራሁት ሰዎች የነበራቸው የመጀመሪያ ሕግ፣ ዋሻው አፍ ላይ ሰው ሳይቀመጥ ማንም አይገባም የሚል ነበር። አፍ ላይ የሚቀመጠው ጉልበተኛ መሆን የለበትም፤ እኛ የምናስቀምጠው ወገቡን የታመመ አንድ አዛውንት ነበር። ሥራው መስማትና «በቃ፣ ውጣ» ማለት ነው። ውስጥ ያለው ሰው ይህንን ለራሱ ሊል አይችልም፤ ኦፓል በባትሪ ብርሃን ቀይና አረንጓዴ ሲያበራ ያየ ሰው ሰካራም ነው፤ «አንዲት ምት ብቻ» እያለ መቶ ይመታል። አንድ ቀን አዛውንቱ ጮኸብኝ፤ ከጣሪያው ላይ አፈር እንደ ዱቄት ሲነፋ በብርሃኑ አይቶ ኖሯል። እያጉረመረምኩ ወጣሁ፤ ምሳዬን እንኳ ሳልፈታ ጣሪያው ወረደ። ዲጂኖዬ እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

አንቺም ባትሪሽን ስታበሪ ሰክረሽ ነበር። ከአፉ ላይ የተቀመጠ ሰው ቢኖርሽ፣ አሥራ አንደኛውን ቀርቶ የመጀመሪያውን እርምጃ አያስረግጥሽም ነበር። «ከኋላዬ የሚያወራ» ያልሽው ሰው የእኔ ሰው አይደለም፤ የእኔ ሰው ውጭ ተቀምጦ ዝም የሚል ነው።

ደግሞስ የተተወ ዋሻ ሰው ከሚሠራበት ዋሻ የባሰ ነው። አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አለው፤ ሰው በማይገባበት ዋሻ ውስጥ ግን የሚበሰብሰው እንጨትና የሚዝገው ማዕድን ያንን ይበሉታል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከአየር ስለሚከብድ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይተኛል። ኦክስጅኑ ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ሰው ሳይታገልና ሳይጮህ ራሱን ይስታል። ከአፉ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ስለ ውስጠኛው ጉድጓድ ምንም አይነግርሽም። የተረሳ ድማሚትም አለ፤ ዕድሜው ሲገፋ ናይትሮግሊሰሪኑን እንደ ላብ ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ ለመፈንዳት የእግር ንክኪ ሊበቃው ይችላል። ያ ደረትሽ ላይ ያንጠለጠልሽው መሣሪያ ደግሞ የሚሠራው ሰማይ ሲያይ ነው፤ ከተራራ ሥር ሆነሽ ጌጥ ነው።

አንድ ዓይናው ሥጋ ሻጭ ለክርክሩ አይጠቅምም ብለሻል። እኔን ጠቅሞኛል። ጃክ ኪን እንኳ ወርቅ ሊፈልግ ሲወጣ ሰው ይዞ ነው የወጣው። የእኛም ሲራራ ነጋዴ በባቲ በኩል ወደ አፋር ሲወርድ በጓድ እንጂ ለብቻው አልወረደም፤ ወንበዴ ስለፈራ ብቻም አይደለም፤ በረሃ ላይ ወድቆ የሚያነሣው ሰው ስለፈለገ ነው።

ከደሴ፦

ጋሼ፣ «ድር ቢያብር» ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ስላላሉኝ አመሰግናለሁ። ስለ ዋሻው የጻፉትን ሁሉ እቀበላለሁ፤ ዳግመኛ አልገባም፣ ሰው አፉ ላይ ቢቀመጥልኝም አልገባም። ነገር ግን የእርስዎ ክርክር በሙሉ ስለ ጉድጓዱ ነው፤ ጥያቄው ስለ ተራራው ነው። እርስዎ ጉድጓድ ውስጥ ሊሠሩ ይገቡ ነበር፤ እኔ የተጓዝኩት የኬብሉን ማማዎች፣ የተከመረውን የድንጋይ ዝቃጭና ከፊት ለፊት የተዘረጋውን ነጭ የጨው ሜዳ ለማየት ነው፤ ይህ ሁሉ ከውጭ ይታያል።

ሁለተኛ ሰው ያድናል የሚለውም ሁልጊዜ እውነት አይሆንም። በእኛው አገር የውኃ ጉድጓድ ሲጠረግ ወይም የእህል ጉድጓድ ሲከፈት አየር አጥቶ የወደቀውን ሊያወጣ የገባው፣ እሱንም ሊያወጣ ሌላው ተከትሎ ገብቶ፣ አብረው የሚቀሩበት ጊዜ አለ። ጓደኛዬ ብወድቅ የሚያደርገው ይህንኑ ነበር፤ የሚወደኝ ሰው ከሆነ ቆሞ አያስብም።

ደግሞም ብቸኝነት ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። ከቤታችን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ፤ በዚያ ዓለምን ትተው የመነኑ ሰዎች ትዝታ ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ጀምሮ ነው። በእርስዎም በኩል ለጸሎት ከሰው ተለይተው ኸልዋ የሚገቡትን ሸኾች ወሎ ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔ ራሴን ከእነሱ ጋር አላስተካክልም፤ ነገር ግን ሰው ብቻውን ሲሆን የሚሰማውና የሚያየው ሌላ እንደሆነ ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም ነበር። ማማዎቹ ሥር አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ፣ ነፋሱ የተበጠሰውን ሽቦ ሲያፏጨው ሰምቻለሁ። ሰው አብሮኝ ቢሆን አሥር ደቂቃ አንቀመጥም፤ «እንሂድ አይመሽም?» ይባላል።

ከኮምቦልቻ፦

ኸልዋ የሚገባው ሸኽ ከበሩ ላይ ምግብ የሚያስቀምጥለት ደረሳ አለው። ምግቡ ሳይነሣ ሁለት ቀን ካደረ ደረሳው በሩን ይከፍታል። የሐይቁም መነኩሴ እንዲሁ ነው፤ ብቻውን ቢሆንም ሲጠፋ «የት ደረሰ?» የሚል ሰው አለው።

ጉድጓዱንና ተራራውን ለያይተሽ አስቀምጠሻል፤ በወረቀት ላይ ይለያያሉ። ተራራው ላይ ሆነሽ ግን አልተለያዩልሽም፤ ዝቃጩን ለማየት የወጣሽው ልጅ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሳንቃ ላይ ቆመሻል። እሱንም ልተወው፤ ቁልቁለቱ ላይ ቁርጭምጭሚትሽ ቢዞርስ? መሣሪያሽ ያኔ ይሠራል እንበል፤ ባትሪው ቢያልቅ፣ ወይም ስትወድቂ ከሥርሽ ቢሰበር የሚቀረው ያ ወረቀት ብቻ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ በቀጥታ እንድትመልሺልኝ እፈልጋለሁ። እህትሽ መፈለግ የምትጀምረው በስንት ሰዓት ነበር?

ከደሴ፦

ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበር። ቤት የደረስኩት ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው፤ መመለሻዬ ላይ ቢቲ ከምትባለው ትንሽ ከተማ ነዳጅ ልቀዳ ቆሜ ሻይ ጠጥቼ ዘግይቻለሁ። እህቴ በሆቴል የማታ ፈረቃ ትሠራለች። ወረቀቱ እንዳስቀመጥኩት የስኳሩ ዕቃ ሥር ነበር፤ አላየችውም። ከሥራ ተመልሳ የምታየው ሲነጋ ነበር፤ ያውም ሻይዋን በስኳር ከጠጣች ነው።

ይህን እስኪጠይቁኝ ድረስ ለራሴም አልጠየቅሁትም። ውኃዬን በሊትር ቆጥሬ፣ ከፍታውን በሜትር ለክቼ፣ የወረቀቱን አንባቢ ግን ሳላረጋግጥ ሄጃለሁ፤ በዚህ በኩል ተረትቻለሁ። በዋናው ነገር ግን አልተረታሁም። እርስዎ ራስዎ አሁን እንደጻፉት መነኩሴው ጓደኛ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ሲጠፋ «የት ደረሰ?» የሚል ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ከጎኑ እንዲራመድ አይገደድም።

ስለዚህ በሚመጣው ጥር ስመለስ እንዲህ አደርጋለሁ። እዚያ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን እዚህ በማግስቱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው፤ እርስዎ ለሱብሂ የሚነሡበት ሰዓት። መኪናዬ ጋ እንደደረስኩ በመሣሪያው መልእክት እልክልዎታለሁ። የፓርኩን የአደጋ ጊዜ ቁጥርና የምሄድበትን መንገድ ጽፌ እተውልዎታለሁ፤ ሰግደው ሲጨርሱ መልእክቴ ስልክዎ ላይ ከሌለ ይደውላሉ። የምሄደው ግን ብቻዬን ነው።

ከኮምቦልቻ፦

ተቃውሞዬን አላነሣሁም፤ ከሰርጡ አጠገብ ስታልፊ ባትሪው ከቦርሳሽ እንዳይወጣ። ቁጥሩን ደግሞ በትልቁ ጻፊው፤ በዚያ ሰዓት መነጽሬን አላደርግም።