ይድረስ ለመኪና ኢንሹራንሳችን "ሹፌር ጨምር" ቁልፍ፤ ካለህበት

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ካንተ ቢል በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ። አንቱ ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ ሂሳቡን ካየሁ በኋላ ግን ምላሴ እምቢ አለ።

የምንኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጄ 16 ዓመት ከሦስት ወር ሲሞላው መንጃ ፈቃድ አወጣ። ስቴቱ ያዘዘውን የ45 ሰዓት ልምምድ፣ ከዚያም ውስጥ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ የሚነዳውን 15 ሰዓት፣ አጠገቡ ተቀምጬ የሌለ ፍሬን እየረገጥኩ ጨረስኩት። እናቱ ከኋላ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረኝ አንተን አንዴ መንካት ብቻ ነበር። ነካሁህ።

መጀመሪያ ስም ጠየቅከኝ። እኔ የተመዘገብኩት በአያቴ ስም ነው፤ እሱ ደግሞ "ወልደ" ብሎ የሚጀምር ሁለት ቃል ስለሆነ ከመሃል ቆርጠህ ታቦቱን ጣልከው። አሁን ፖሊሲህ ላይ "ወልደ" ብቻ ነኝ፤ የማን ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ የለም። ባለቤቴ በራሷ አያት ስም ናት። ልጁም እንደ ወጉ የኔን ስም ይዟል። አንድ ጣራ፣ ሦስት ላስት ኔም። ኩባንያህ ጋ ስደውል ስልክ ያነሳችው ሴት በትህትና "ልጁ የእርስዎ ነው?" አለችኝ። በትዳር ሃያ ዓመት ስኖር እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ አማቴ እንኳን።

ከዚያ ቢሉ መጣ። የስድስት ወሩ ከእጥፍ አለፈ። ለመሆኑ መኪናዋን አይተሃታል? የ2009 ኮሮላ ናት፤ የግራ መስታወቷ በፕላስተር ታስሮ ነው የቆመው። ብሸጣት አንተ በዓመት የምትወስድብኝን አታወጣም። ልተውህ ብልም መውጫ የለኝም። ቨርጂኒያ ድሮ ለዲኤምቪ (ለስቴቱ የመንጃ ፈቃድና የመኪና ምዝገባ ቢሮ) 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳትን ትፈቅድ ነበር፤ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ያቺም ቀዳዳ ተደፈነች። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ ለአንድ ተጎጂ የሚያዘው ዝቅተኛ ሽፋን ከ30,000 ወደ 50,000 ዶላር ወጣ። ልጄ ለመጎርመስ የመረጠው ዘመን ግሩም ነው።

"ቅናሽ አለ" አልከኝ። የትምህርት ውጤቱ ቢ እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይቀነስለታል አልክ፤ እሱን አመጣ፤ ልዩነቱ ለአንድ ክትፎ አልበቃም። "ሌላም አለ" ብለህ ስልኩ ላይ አፕ አስጫንከው፤ በድንገት ፍሬን ሲይዝ የሚቆጥር፣ ሌሊት ሲነዳ የሚቆጥር። አንድ ቀን ልጁን ትምህርት ቤት ሳወርደው ስልኩን ወንበሩ ስር ረሳው። ያን ቀን ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ አንድ አውቶቡስ ገባብኝና ፍሬኑን እንዴት እንደያዝኩት እኔና ፈጣሪ ብቻ እናውቃለን ብዬ ነበር። ለካ አንተም ታውቃለህ። ማታ ነጥቡ ዘቅዝቆ ስናገኘው ልጁ ስክሪኑን ወደኔ አዙሮ "አባዬ፣ ይሄ እኮ አንተ ነህ" አለኝ። መዝገብህ ላይ እኔ ጨዋ፣ እሱ አደገኛ። ሽሮዬን ዝም ብዬ በላሁ።

በመጨረሻ "ቤቱ ውስጥ ሌላ መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ይኖራል?" አልከኝ። በዚያች ሰዓት "ለሁለት ሳምንት" ብሎ መጥቶ ስምንተኛ ወሩን የያዘው የባለቤቴ የአጎት ልጅ ከፊቴ ቁጭ ብሎ ፍርፍር ይበላ ነበር። ፐርሚት (የልምምድ ፈቃድ) እንጂ መንጃ ፈቃድ ስለሌለው ደረቴን ነፍቼ "የለም" አልኩ።

አክባሪህ፣
ወልደ (የማን እንደሆነ ያልታወቀ)

ማሳሰቢያ፦ ያ የባለቤቴ የአጎት ልጅ ትናንት የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን አልፏል። ማታ ዳቦ ቆርሰን፣ ቡና አፍልተን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተናል። አንተን አልጠራንህም።